ከደጅዎ አበባ ሥር ስላለው የአቶ በከር አፈር

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ዳይሬክተር
ልደታ

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለደጅዎም ልምላሜ እየተመኘሁ፣ እኔ የሦስተኛ ፎቅ የአፈር ተመራማሪዋ ምስጋናዬን በአደባባይ ለመግለጽ ተገድጃለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ ጽዳቱ አመሰግናለሁ። ለአፈር ጤና በዓል እንግዳ ስለሚመጣ ኮሪደሩ ይጽዳ ባሉት መሠረት፣ በአራት ዓመት ሰብስቤ ቁጥር የጻፍኩባቸው ስልሳ አራት የአፈር ከረጢቶች በአንድ ከሰዓት ተራግፈው፣ በበሩ ግራና ቀኝ ለተደረደሩት የአበባ መትከያዎች ውለዋል። በበዓሉ ዕለት ከመስክ ስመለስ አፈር የማይተካ ሀብት መሆኑን ሲያስረዱ ደረስኩ፤ ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ፣ ከኋላ ቆሜ አጨበጨብኩ።

፪. አስቀድመው ያልጠየቁኝ እንዳልደክም አስበው እንደሆነ እረዳለሁ። ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ግማሾቹ ከረጢቶች ባዮቻር፣ ማለትም አየር አጥሮት የከሰለ የማሽላ አገዳ፣ ማሳው ላይ ከመጨመሩ በፊት የተወሰዱ መሆናቸውን፣ ያለ እነርሱም መሬቱ ተሻለው አልተሻለው ማለት እንደማይቻል በመንገር ባሰለቸሁዎ ነበር። ያን አፈር ዳግም ከየትም አላመጣውም።

፫. አቶ በከር የሚባሉ የቃሉ ወረዳ ገበሬ ለከብት መኖና ለማገዶ የሚሆናቸውን አገዳ በርሜል ውስጥ አክስለን ማሳቸው ላይ እንድንጨምረው አራት ዓመት ሙሉ ሰጥተውናል፤ ባገኙኝ ቁጥርም አፈሩ ምን አለ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም ይታገሡ፣ ልደታ እየተመረመረ ነው እላቸው ነበር። መልሱን ሳይሰሙ በግንቦት ወደ አኼራ ሄዱ። ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸው ወይዘሮ ቀመሪያ ደውለው፣ የዘንድሮውን አገዳ ለከብቶቹ ልስጠው ወይስ ላክስለው ብለው ጠየቁኝ። ኔትወርክ አስቸገረኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ከዚህ በኋላ ሲታይ ትንሽ ሆነብኝና ተውኩት።

ለበርዎ ማማር የሟች አደራ ሳይቀር ያበረከተች፣ ሁልጊዜም አክባሪዎ፣
ሳሚያ ሙስጠፋ

ማሳሰቢያ፦ ጥበቃው ጋሽ ተክለጻድቅ እንደነገሩኝ ቅዳሜና እሁድ አበቦቹን ውሃ የሚያጠጣ የለም። ሰኞ ጠዋት ሲገቡ እባክዎ ጎንበስ ብለው ይዩአቸው፤ ከሰል ባለበት በጠቆረው አፈር የተተከሉት ቆመዋል፣ ሌሎቹ ጠውልገዋል። አቶ በከር አራት ዓመት የጠበቁት መልስ ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ከከረጢቱ ጋር ስለተጣለ ግን እኔ ልጽፈው አልችልም። የወይዘሮ ቀመሪያን ስልክ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጫለሁ፤ መልሱ ያለው በእርስዎ ደጅ ነውና እርስዎ ይንገሯቸው።