ሃያ ሦስተኛው መስመር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

አስቀድመህ ይህን ዕወቅ፣ ማስታወሻዬ፦ የት/ቤቱ ሰርቨር ጥቁር ገጽና ነጭ ፊደል ብቻ ነው። ማውዝ አያውቅም። ውጤት የሚታተመው ከእሱ ነው፤ በእጅ የተጻፈ ኮሌጁ አይቀበልም። የውጤቱን ፋይል ማንበብ እችላለሁ። መንካት አልችልም፤ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም አልተጫነበትም።

አልማዝ ትናንት ከጨንቻ ወርዳ መጣች። የአምና ተማሪዬ፣ የሸማኔ ልጅ። ሂሳብ 41 ይላል ወረቀቷ። በዚህ ኮሌጁ አይቀበላትም፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። አላለቀሰችም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ደግመው ይዩልኝ» አለች።

ከቀኑ 9 ሰዓት። ዋናውን መዝገብ ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ማስመሪያ ከሥር እያስጠጋሁ ወረድሁ። 23ኛ፣ አልማዝ፣ 78።

ጥፋቱ የእኔ ነው። 17ኛው ልጅ አልተፈተነም። ወደ ሰርቨሩ የሚገባውን ስጽፍ ባዶ ቦታውን ዘለልሁ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም የጎረቤቱን ውጤት ለብሷል። መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ሲተርፍ፣ ያልተፈተነው ይህ ነው ብዬ አለፍሁ። ዕድሜ ልኬን «ሳታስረክቡ ደግማችሁ እዩ» ስል የኖርሁ ሰው።

የአልማዝን 78 የያዘው 22ኛው ደሳለኝ ነው። የራሱ 44። በ78ቱ ኮሌጅ ተመዝግቧል።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

አንድ ማረሚያ እንዲጭን ሰርቨሩን አዘዝሁ። ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው ዘመዱን ሁሉ አስከትሎ መጣ፦ የሥዕሉን፣ የመስኮቱን፣ የማውዙን ፕሮግራም። ዲስኩ ሞላ። መሐል መንገድ ቆመ። አሁን ሌላም አልጭንም ይላል። ወደፊት የለም፣ ወደኋላ የለም። ክፍሉ ይግላል። ከሲቀላ ሰፈር የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፤ እዚያ ሁሉም ወዳሻው ይሄዳል።

ርዕሰ መምህሩ ብቅ አሉ። ደሳለኝን ከምናፈናቅል ማረሙን ለሚመጣው ዓመት እናቆየው አሉኝ።   

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ሌሊቱን ይህን ሳስበው አደርሁ እንዳልል እንቅልፍ ወስዶኛል፤ ያ ደግሞ አሳፈረኝ። ታምራት ከሐዋሳ ደወለ። ሰርቨሩን የተከለው እሱ ነው፤ የቀድሞ ተማሪዬ። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ መስኮት ለሌለው ቤት መጋረጃ ገዙ እንዴ?» መጀመሪያ የተግበሰበሰውን አስጠረገኝ። ያው ማረሚያ ያለ ሥዕል የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለው፤ ትንሽ ነው አለኝ። ትእዛዙን ፊደል በፊደል አስጻፈኝ። ስሳሳት «ማስመሪያዎን ያስጠጉ» ይለኛል። ክፍል ውስጥ የምላቸው የገዛ ራሴ ቃል።

መነጽሬን ጠርጌ ሳልጨርስ ተጭኖ አለቀ።

ከ17 ጀምሬ አንድ በአንድ ወደ ታች አወረድሁ። 22 ላይ እጄ ቆመ። 44 ጻፍሁ። ደግሜ አየሁ። የአልማዝንና የደሳለኝን ወረቀት አስቀድሜ አሳተምሁ። አልማዝ ወረቀቷን ይዛ በሚኒባስ ወደ ኮሌጁ ሄደች።

ለደሳለኝ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወዳለው የአባቱ ሙዝ እርሻ የላክሁት ደብዳቤ ይህ ነው፦

ልጄ ደሳለኝ፣ የአንተ ያልሆነ ውጤት የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ አንተ አላጠፋህም። ለኮሌጁም ይህንኑ ጽፌአለሁ። ድጋሚ እስክትፈተን በየቀኑ አስጠናሃለሁ። እኔ ጋ መምጣት ካልፈለግህ እኔ እመጣለሁ። ብትቆጣም ቶሎ መልስልኝ።