ያረረው ጎድን

የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ ፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ታናሽ ወንድሜ ታከለ ጎህ ሳይቀድ ከጫካ መጣ። ጣልያን ከገባ ወዲህ በፋሲካ ሰሞን ከእኛ ጋር ሲውል ይኸ የመጀመሪያው ነው። ከስቷል፤ ሆዱንም ያመዋል። ጭስ ከታየ የጣልያን አውሮፕላን ስለሚመጣባቸው አርበኞቹ እሳት አያነዱም፤ ሥጋ ሲያገኙ ጥሬውን ነው የሚበሉት። ሆዱን የጎዳው ያ ይመስለኛል።

ዛሬ ግን የመንደሩ ቤት ሁሉ ስለሚጨስ የእኛን ጭስ የሚጠረጥር የለም። እናታችን የበጉን ጎድን ፍም ላይ ጣለችለት። ልታነሳው ስትል፣ "ትንሽ ይቆይ እማዬ፤ ይረር" አላት። ጠቆረ። የከሰለውን በቢላ ትፍቅለት ጀመር።

"ያረረ ሥጋ ለታመመ ሆድ መርዝ ነው። የአባታችሁን ጨጓራ የላጠው ይኸው ነው።"

እጇን ቀስ ብሎ ያዘ። "የናፈቀኝ እሱ ነው፤ አትፋቂብኝ።"

እኔም ልከለክለው አስቤ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያኝክ፣ ስቡም በጢሙ ላይ ሲወርድ ሳይ ግን አንጀቴ አልቻለም። ከሁሉ ያረረውን መርጬ በእጄ አጎረስኩት።

ከምሳ በኋላ ሆዱን እንደቆረጠው ፊቱ ላይ አየሁ። ላስታጥበው ውሃ ባመጣ እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሸገ።

"ተወው ጋሼ። ሽታው እስኪለቀኝ ድረስ ቤት ያለሁ ይመስለኛል።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሄደ። ሆዱ መንገድ ላይ ምን ይለው ይሆን?

እናቴም እስካሁን እጇን አልታጠበችም።