ሁለተኛውን የማያጎርስ ጠመንጃ

ሳን ሃቪየር፣ በሩዝ አጨዳ ሰሞን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የሮዛሪዮ ከተማ እርጥበት ለጉልበት ደግ አይደለምና ደረጃውን ቀስ እያልሽ ውጪ። ባለቤትሽና ልጆችሽ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኤልቪራም ዶሮዎቿም ደህና ናቸው። ወንዙ ዘንድሮ እንደ አምናው አልተቆጣም፣ ሩዙም አምሯል። ማማሩን ደግሞ ከእኛ ቀድመው ያወቁት ዳክዬዎቹ ናቸው።

እታለሜ፣ የባለ እርሻውን የዶን ኦክታቪዮን ሩዝ ከዳክዬ ስጠብቅ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የሠራሁት በዚያች ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ነበር። ሁለቴ ትተኩሺና ጎንበስ ብለሽ እስክታጎርሺ መንጋው ዞሮ ሌላ ማሳ ላይ ያርፋል። የጎረቤት ጠባቂዎች አምስት ጊዜ በተከታታይ የሚተኩስ ከያዙ ቆዩ። እኔም ዘንድሮ የጀልባዬን ሞተር ሸጬ ከዶን ኢላሪዮ ሱቅ አንድ አዲስ ገዛሁ። ኤልቪራ፣ “ዘንድሮ ሞተሩን፣ ለከርሞ ደግሞ እኔን ሚስትህን ሸጠህ ጥይት ልትገዛ ነው” ብላ ሳቀችብኝ።

መልኩን ብታዪው! ሰደፉ የዋልነት እንጨት ነው፣ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሥራው ግን ሌላ ሆነ። የመጀመሪያውን ይተኩሳል፤ ሁለተኛው ላይ ባዶው ቀለህ ሳይወጣ በሩ ላይ ተነክሶ ይቀራል። በጣቴ እየጎተትኩ ሳወጣ ዳክዬዎቹ ከራሴ በላይ እየጮሁ ያልፋሉ። የሚስቁብኝ ነበር የሚመስለኝ።

ቆሻሻ ነው ብዬ ፈትቼ አጠብኩት። ዘይት በዛበት ብዬ ጠረግኩት፣ አነሰው ብዬ መልሼ ቀባሁት። ጥይቱ ደካማ ነው ብለውኝ ኃይለኛውን ገዛሁ። ለቀላልና ለከባድ ጥይት የሚገለበጥ ቀለበት ከውስጥ አለው፤ እሱንም ገለበጥኩት። ምንም! ከሁሉ የገረመኝ ጠዋት ጠዋት መታዘዙ ነው። በማለዳው መንጋ አምስቱንም ይተኩሳል፤ ረፈድ ሲል ይለግማል። ሙቀት የማይስማማው ብረት ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ በሰው ሞልቶ ሳለ ገባሁና ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ ጣልኩት። ዶን ኢላሪዮን በሰው ሁሉ ፊት ቀጣፊ አልኩት። አንቺ ታውቂኛለሽ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። ሰውዬው ፊቱ ነጣ እንጂ አልተሳደበም። ወደ ጓሮ ወሰደኝና አምስት ጥይት አጉርሶ ወደ ባዶው ሜዳ ተኮሰ። አምስቱም ወጡ። ልጁን ኔሊዳን ጠራት። ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም፣ አምስቱንም እንደ ዘፈን አከታትላ ለቀቀቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “አጎቴ፣ ይሄ ጠመንጃ አንተን ነው የጠላው እንጂ እኛንማ ወዶናል” አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ተቀብዬ ተኮስኩ፤ ሁለተኛው ነክሶ ቀረ። ያኔ ማንም አልሳቀም። እንደዚያ ዝም ከሚሉኝ ቢስቁብኝ በወደድኩ።

በዚያው ሳምንት ዳክዬ በአንድ ሌሊት ከወንዙ ዳር ያለውን ማሳ ጨረሰው። ዶን ኦክታቪዮም ከፈረሱ ሳይወርድ፣ እስከ እሑድ ካላስተካከልክ ሌላ ጠባቂ አመጣለሁ ብሎኝ ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት ስሜን ጠርቶ ያናግረኝ የነበረ ሰው፣ ያን ዕለት “አንተ” ብቻ አለኝ።

ስለዚህ ወደ ሽማግሌው ጠመንጃ ሠሪ ወደ ሴቲሚዮ ሄድኩ። ብሎን በብሎን ፈታው፣ በማጉያ መነጽር አየው፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ወንዙ ዳር አቆመኝና ከኋላዬ ሆኖ መዳፉን ቀኝ ትከሻዬ ላይ ጫነ። ተኩስ አለኝ። ተኮስኩ፤ ያው እንደተለመደው ነከሰ። መዳፉን ግን ቶሎ አላነሳም።

ከዚያ ያስረዳኝ ጀመር። ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ ሲተኮስ አፈሙዙ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በዚያ ጉልበት ነው ባዶውን ተፍቶ ሌላውን የሚያጎርሰው። ከኋላው የሚመክት ትከሻ ይፈልጋል። ትከሻው ከላላ፣ ወይም ረፈድ ሲል ከደከመ፣ ጉልበቱ እዚያው ይፈስና ቀለሁ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ብሎ ቀኝ ክንዴን ወደ ጎን እንድዘረጋ ነገረኝ። በሁለት ጣቱ ጫን አለው። ክንዴ ወረደ። የእኔ ክንድ፣ እታለሜ! ጀልባ ብቻውን ከጭቃ የሚያወጣው!

የማቴ ሻይ አፍልቶ ሰጠኝና ስጠጣ እያየኝ፣ “ኩባያውን ሁልጊዜ በግራህ ነው የምትይዘው?” አለኝ። እጄን አየሁት። ከገና ወዲህ ይመስለኛል አልኩት። እስኪጠይቀኝ ድረስ እኔም አላስተዋልኩትም ነበር። ጠመንጃዬን መልሶ ሰጠኝና፣ “ጠመንጃው ጤነኛ ነው” አለኝ። ለድካሙም ምንም አልተቀበለኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው እስኪሞላ ጠብቄ ሱቁ ገባሁ። ዶን ኢላሪዮን ይቅርታ ጠየቅኩት። “ስትሰድበኝ በሰው ፊት ነበር” አለኝ። ለዚህ እኮ ነው ሱቁ ጭር በሚልበት ማክሰኞ ያልመጣሁት አልኩት። ይሄኔ ሳቀና እጄን ጨበጠኝ፤ አጨባበጡም የዋዛ አልነበረም፣ አመመኝ። ከዚያ ልጅህን አውሰኝ አልኩት።

አሁን የዶን ኦክታቪዮን ሩዝ የምትጠብቀው ኔሊዳ ናት፣ በዚያው ጠመንጃ። እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ መንጋው ከየት እንደሚመጣ፣ ነፋሱ ሲዞር የት እንደሚያርፍ አሳያታለሁ። አፏ አያርፍም። “አጎቴ፣ ዛሬስ ዓይንህም ለገመ እንዴ?” ትለኛለች። ተኩሷ ግን ንጹሕ ነው። ዶን ኦክታቪዮም በስሜ መጥራት ጀምሯል። ኤልቪራን ከዕድሜ ጋር ሰነፍኩ አልኳት፤ አመነችኝ መሰለኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአባባ ሕመም የጀመረው ከየትኛው እጁ ነበር? እኔ ያኔ ወታደር ቤት ነበርኩ፤ ስመጣ ያገኘሁት አልጋ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ያየሽው አንቺ ነሽ። ዕቃ ከእጁ መውደቅ ከጀመረበት አንስቶ ስንት አጨዳ በእግሩ ቆሞ አየ? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው። መልሱን ግን በሴቲሚዮ አድራሻ ላኪልኝ፤ ኤልቪራ ደብዳቤሽን ሁሉ እየከፈተች ለጎረቤት ጮክ ብላ ማንበብ ትወዳለች።

ከቻልሽ ደግሞ ከአጨዳ በኋላ ብቅ በይ። አባባን ልታስታምሚ የመጣሽ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ብለሽ ሦስት ዓመት ቆየሽ። አሁን ለሳምንት ብቻ ነይ፤ ከዚያ በላይ እንዳትቆዪ አደራ። ልጆችሽም ይፈልጉሻል።

ኤልቪራ አሁን ከጓሮ ገብታ ምን ይህን ያህል ትጽፋለህ አለችኝ። ስለ ጠመንጃው ነው አልኳት። ሰላም በላት ብላሻለች።

ቤትሽን ሰላም፣ ጉልበትሽን ብርታት አያሳጣው። ልጆችሽ አድገው ይጡሩሽ። የላይኛው ጌታ ዓይን ለዓይን ሳያገናኘን አይቅር።

ሁሌም የምትናፍቂው
ታናሽ ወንድምሽ