አባየ፣ ጀላቢያህ ምንጣሮ አስቆመብን

ይድረስ ለምወድህ ለአባየ። ሰላም ላንተ ይሁን።

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ሦስተኛው ደግሞ ይኸው ትናንት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሯችንን እየደበደበ ገባ። ዝናቡን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያልኸኝ አንተ ነህና ወረቀት ፈልጌ ተቀመጥሁ። የምነግርህ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው፣ መሬትህ ከዳር እስከ ዳር ተመንጥሮ አልቋል። ሁለተኛው፣ አንተ ወሊ ሆነሃል። አዎ፣ አንተ ራስህ። ዛፍ ላይ ጨርቅ የሚያስር ሰው ባየህ ቁጥር፣ ዱዓ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ቅርንጫፍ ላይ ምን ያንጠለጥለዋል እያልህ ስትስቅ የኖርኸው የትራክተር ሹፌር። እንዴት እንደሆነ እስክነግርህ ድረስ አትቆጣ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልጨርስ። እማየ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን ግን ምንም አልነካውም። ከካርቱም ጦርነት የሸሹ አንዲት እናትና ሁለት ሴቶች ልጆቿ የመሣሪያ ክፍልህን ይዘው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እማየ ሠላሳ ዓመት እዚህ ሱዳን፣ ዶካ ኖራ ያልደፈረችውን ዐረብኛ በአንድ ዓመት አቀላጥፋዋለች። ሌላ ምክንያት የለውም፣ ስለ ወጥ ጨው ከሴትዮዋ ጋር መከራከር ስላለባት ነው። ቦት ጫማህ አሁንም በሩ ሥር ተቀምጧል። ሌባ ሲያይ ወንድ ያለበት ቤት እንዲመስለው ነው ትላለች። እኔም አዎ እላታለሁ። በየሳምንቱ አቧራውን ስትወለውለው ግን አያታለሁ።

መሬቱ ነው ሊያመልጠን የነበረው። አንተ ካረፍህ በኋላ ማንም አላረሰውም። የከፈትሁት ሱቅ ያዘኝ እያልሁ ለሰው አወራ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ያለ አንተ እዚያ መቆም ፈርቼ ነው። በሁለት ክረምት ቀንጠፋውና ግራሩ ተመልሶ በቅሎ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የደከምህበትን ሜዳ ፍየል እንኳ የማያሳልፍ ጥሻ አደረገው። ከዒድ በኋላ ባለመሬቱ ሼህ ኢድሪስ በአህያው መጣ። ሻይ ጠጣ፣ ላንተ ዱዓ አደረገ፣ ከዚያ መሬት መሬት እያየ ነገሩን አወጣው። «ያ ብቲ፣ ልጄ፣ ላባትሽ በቃሌ የሰጠሁት መሬት ነው። ኸሪፍ ሳይገባ ከከፈትሽው እንደ ድሮው የእናንተ ነው። ጫካ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ግን አንድ የሀዋታ ሰው ጠይቆኛል» አለኝ። ኸሪፍ የሚሉት ክረምቱ ሊገባ የቀረው አንድ ወር ብቻ ነበር።

እማየ ይቅርብን አለች። እኔ ደግሞ ያንተ ልጅ ነኝ፣ ይቅርብሽ ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ።

አሮጊቷ እያልህ የምትጠራት ቀይዋ ትራክተርህ ሁለት ዓመት ኒም ዛፉ ሥር ቆማ ነበር። አንዲት ዶሮ ወንበሯ ላይ ሁለት ጊዜ ፈልፍላለች። ዶሮዋን አስነሣሁ፣ የናፍጣ ማጣሪያውን አጠብሁ፣ ከጎረቤት ባትሪ ተዋስሁ። በሦስተኛው ሙከራ ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሣች። እማየ ከማድቤት እልል እያለች ወጣች፣ ወዲያው ግን ነገሯ ትዝ አላትና፣ ይቺን ሲያስነሣ ማለዳ ይነቃ ነበር፣ እኔ ስጠራው ግን ጆሮው አይሰማም ነበር ብላ ተመለሰች። ባልዋን የነጠቀቻትን ሴት እንደምታይ ነው አሁንም የምታያት።

እኔ መሪውን ስጨብጥ ወደ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ተመለስሁ። እግሬ ፍሬኑ ጋ ስለማይደርስ ከጀርባዬ የእማየን ትራስ ታደርግልኝ ነበር። አንተ ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጠህ፣ አንዱን መስመር ጉቶ ሳልነካ ዞሬ ከመጣሁ ከኪስህ በአረንጓዴ ወረቀት የተጠቀለለች፣ ናዕናዕ የሚሏትን የናና ከረሜላ ታወጣለህ። አንድ ለእኔ፣ አንድ ላንተ። ስኳር በሽታ እንዳለብህ ሐኪሙ ከነገረን በኋላም ያ ልማድ አልቀረም፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የሚለው ብቻ ተጨመረበት። አልነገርሁም። ይህ ነገር ከሞትህ በኋላ ልቤን ሲበላኝ ነው የከረመው። ያኔ ብናገር ኖሮ እያልሁ ስንት ጊዜ አለቀስሁ መሰለህ።

ወደ ሥራው ልመለስ። መሬቱን በእግርህ ሳትዞረው ትራክተር እንደማታስገባ አልረሳሁም። ሣር ውስጥ የተደበቀ ጉቶ የማረሻውን ዲስክ እንደሚሰብር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለዒድ ቤት ልድረስ ብለህ ሳትዞር ያረስህ ቀን ዲስኩ እንዴት እንደተሰበረ እማየ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ጉቶ ባገኘህ ቁጥር ጎኑ እንጨት ተክለህ ከሰማያዊ ጆንያ የተቀደደ ቁራጭ ታስርበት ነበር። እኔም እንደዚያው ላደርግ ተነሣሁ፣ ጆንያ ግን ቤት ውስጥ ጠፋ። እማየ ወደ ውስጥ ገብታ ቆየችና ሣጥን ውስጥ የነበረውን ነጩን ጀላቢያህን ይዛ መጣች። ለሰው መስጠት አቅቷት ያስቀመጠችውን። ይኼው፣ ለሥራው ይሁን አለችና በጥርሷ ይዛ ቀደደችው።

ኪሱ ላይ ስትደርስ ቆመች። እጇን ስታስገባ አራት ከረሜላ ወጣ፣ አንዱ ተመጥጦ እንደገና የተጠቀለለ። ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ከረሜላውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቀች። «ሁለታችሁ ስትደብቁኝ የማላውቅ መስሏችሁ! ቀሚስሽን የማጥበው እኔ አይደለሁም?» አለች። ወረቀቱን ከኪሴ ስታወጣ ኖራለች ለካ። እሱን ማን ሊከለክለው፣ እኔስ መች ቻልሁት አለችና መቅደዱን ቀጠለች። አባየ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በደንብ እተኛለሁ።

እኔና እማየ ሁለት ቀን ዞረን ጉቶውን ሁሉ ምልክት አደረግንበት። የተረፉትን ቁራጮች ሁሉ ስፈልግ እንዳገኛቸው መሀል ላይ ባለው ላሎብ ዛፍ፣ አንተ ቀትር ላይ የምትተኛበት ላይ፣ አንጠለጠልኋቸው። ከዚያ ናፍጣ ፍለጋ ሦስት ቀን ዶካ ተሰለፍሁ። በዚህ መሀል ያነጋገርኋቸው ሦስት የጉልበት ሠራተኞች እርሻው ደረሱ። አለቃቸው አዳነ ይባላል፤ ከአርማጭሆ ዘንድሮ የመጣ፣ ጉልበቱ እንደ በሬ የሆነ ሰው። በስልክ፣ ጨርቅ ካለበት ጀምሩ ብያቸው ነበር፤ ኔትወርኩ ተቆራርጦ ምን እንደሰሙ እንጃ።

በትራክተሯ ስደርስ ሦስቱም ጫማቸውን አውልቀው ከመሬቱ ውጭ ተቀምጠዋል። መጥረቢያው አልተነካም። ላሎቡ ሥር ሄጄ ሳይ ቴምር በሣህን፣ አንድ እፍኝ ሰሊጥ፣ አዲስ የውኃ ማሰሮ ተቀምጧል። እንጨት ለቅመው የሚያልፉ በእርሻው ጎን ያለው መንደር ሴቶች ነጭ ጨርቅ የሞላበት ዛፍ አይተው የወሊ ቦታ ነው ብለዋል። ሐቦባ ዘይነብ የሚሏት አሮጊት ደግሞ ሁለት ቀን የጠፋ አህያዋን እዚያው ዛፍ ሥር ቆሞ አግኝታው፣ ወሬው እስከ መንገዱ ዳር ወጥቷል። አህያው የመጣው አዳነ ሲደርስ ዛፉ ሥር ያኖረውን ማሽላ ፈልጎ ነው፤ ከረጢቱን ግማሽ ድረስ በልቶታል። ያንን ግን ማን ይስማ። የሐበሻው ሼህ ተብለሃል።

ዛፉ ብቻ ቢሆን ጥሩ። አዳነ ያየው ጨርቁ በየጉቶው ላይ መኖሩን ነው። መሬቱ በሙሉ ባለቤት አለው ብሎ ደመደመ። የአባቴ ጀላቢያ ነው ብዬ ብነግረው ጭራሽ ባሰበት። «የሞተ ሰው ልብስ? እኔስ ብሞት አልነካውም! ያገሬ ውቃቢ ሳያንሰኝ የሰው አገር ወሊ ልጣላ?» ብሎ አማተበ። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ ራሴ ዶማ ይዤ ሁለት ጉቶ ነቀልሁ፣ እጄ ተላጠ። እነሱ ምን ትሆን ይሆን እያሉ በሩቁ ያዩኛል። አራት ቀን እንዲህ አለፈ። በገላባት በኩል ደመናው መጠቆር ጀመረ። አሮጊቷ ትራክተርህ ላይ ተቀምጬ፣ አባየ በሕይወትህ ሥራ አስቁመህ የማታውቅ ሰው ምነው ዛሬ በእኔ ላይ አልሁ። በሳቅና በለቅሶ መካከል ነበርሁ።

በአምስተኛው ቀን ወሬው የደረሰው ሼህ ኢድሪስ መጣ። የወሊ ቦታ ነው ካለ ለእኔም ለሀዋታውም ሰው አይሆንም፣ ጥሻ ሆኖ ይቀራል። ከአህያው ወርዶ አንዱን ቁራጭ ፈታ፣ ገለበጠው፣ ወደ ዐይኑ አስጠጋው። ጥቁር የዘይት ነጠብጣብ ነበረበት። ከዚያ ጥምጥሙ እስኪፈታ ሳቀ። «ይኼማ እኔ ለዒድ ያለበስሁት ጀላቢያ ነው! በማግሥቱ ለብሶት ትራክተር ሥር ገብቶ ዘይት በዘይት አደረገው። አንድ ወር አኩርፌው ነበር እኮ!» አለ። ቀጥሎ የአዳነን መጥረቢያ አነሣና በዚያ ዕድሜው የቅርቡን ጉቶ መታው። ጉቶው ንቅንቅ አላለም፣ አዳነ ግን ጫማውን አጠለቀ። ሼሁ ምንም ካልሆነ እኔ ምን እሆናለሁ ብሎ ተነሣ።

የጠፋውን አራት ቀን ለማካካስ ሼሁ ነፊር ጠራ፤ እኛ ደቦ የምንለውን ማለት ነው። የመንደሩ ወንዶች ከነመጥረቢያቸው መጡ። እነሱ ሥሩን ይቆርጣሉ፣ አዳነ ሰንሰለቱን ያስራል፣ እኔ አሮጊቷን በአንደኛ ማርሽ ቀስ አድርጌ እነዳታለሁ፤ ቀንጠፋው ከነአፈሩ ተነቅሎ ይመጣል። ሴት ትራክተር ስትነዳ አይተው የማያውቁት መጀመሪያ ሳቁ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ወደዚህ፣ ወደዚህ እያሉ ሲጣሉብኝ ነበር። በአንዱ ጎማ እሾህ ገባ፣ አንዱ ሰንሰለት ተበጠሰ፣ ከዚያ ያለፈ ጉዳት አልደረሰም። በሦስት ቀን መሬቱ ሜዳ ሆነ። ሼሁ ዳሩን ዞሮ አየና እጄን ጨበጠኝ። መሬቱ የእኛ ነው።

ሴቶቹ ያሉት አንድ ነገር ነበር፣ ዛፉ አይቆረጥ። እኔስ መች ልቆርጠው። ግን መዋሸት አልፈለግሁምና ለሐቦባ ዘይነብ ነገርኋት፤ እዚህ የተቀበረ ወሊ የለም፣ አባቴ ሻዩ ላይ ስኳር የሚያበዛ የትራክተር ሹፌር ነበር አልኋት። ሐቦባ ዘይነብ አሰብ አደረገችና፣ ሰው በድሏል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የበደልኸውን ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁልህ። ከሚስቱ ከረሜላ ይደብቅ ነበር አልሁ። እንግዲያው እኛ እንለምንለታ ብላ እጇን ዘረጋች፣ የቀሩትም ተከተሏት፣ ለነፍስህ የፋቲሐን ዱዓ ቀሩልህ። ካንተ ሊለምኑ መጥተው ላንተ ለምነው ሄዱ። አሁን መቆጣት ትችል እንደሆነ ተቆጣ።

ቁራጮቹን ሁሉ ሰብስቤያለሁ። ቴምሩ ግን አልቀረም፤ የለመደ እጅ ምን ይደረጋል። እማየ በየጁምዓው ታክታክ በሚሉት ባጃጅ ትሄድና፣ ለስኳር በሽተኛ ቴምር ይቀመጣል ወይ እያለች ጠራርጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣዋለች። የካርቱሞቹ ልጆች ይበሉታል። እዚያም ሄጄ እጠብቀዋለሁ እንጂ አልለቀውም ትላለች።

ትናንት ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ የመጨረሻውን ዙር በዲስክ አረስሁ። አንድም ጉቶ አልነካሁም። ዞሬ ስመለስ አሮጊቷን ላሎቡ ሥር አቁሜ ከኪሴ አረንጓዴዋን ከረሜላ አወጣሁ። አንተ እንደማትበላት አውቃለሁ፣ የሚበላት ጉንዳን ነው፣ አትሳቅብኝ። እማየ እንዳታያት ብዬ ከሥሩ መሀል ካለችው ጉድጓድ እጄን ሳስገባ እጄ ወረቀት ነካ። ሦስት የናዕናዕ ከረሜላ፣ በአረንጓዴ ወረቀት። እዚያ በየጁምዓው የሚሄድ ሰው አንድ ብቻ ነው።

የእኔንም ጎናቸው አስቀመጥሁና ወደ ቤት ነዳሁ። ሰሊጡን በሚቀጥለው ሳምንት እንዘራለን። በየዓመቱ ኸሪፍ ሳይገባ መሬቱን በእግሬ ሳልዞር አሮጊቷን አላስገባም፣ መስመሩንም ሳልነካ ዞሬ በመጣሁ ቁጥር ያንተን ድርሻ አልረሳም። ለእማየ አልነግራትም፣ አንተም አደራ።

ልጅህ ሰዓዳ
ከዶካ