ካርታው «ባዶ» ያለው ሜዳ

ኮልፌ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ወንድሜ ባጫ፣

የዚህ ፖስት ካርድ ሥዕል ላይ ያለውን ፎቅ ተወውና እኔን ኮልፌ ጭቃ ውስጥ ፈልገኝ። ለሥልጠና የሰጡን ካርታ እዚህ አንድ ሜዳ «ባዶ መሬት» ይለዋል። ዛሬ መንገድ ልቀይስበት ችካል ተሸክሜ ብሄድ፣ ድንኳን ተተክሎ ሰው ለቅሶ ተቀምጧል።

እማማ ሙሉወርቅ የሚባሉ የዕድሩ ሰው ችካሉን አዩና «ልጄ፣ እሱን አስቀምጥና መጀመሪያ ተቀመጥ» ብለው ንፍሮ ሰጡኝ። «ዱሮ ሁሉም በየግቢው ነበር ድንኳን የሚተክለው። አሁን መሬቱ ተሸንሽኖ፣ ተከራዩም በዝቶ የቀረን ይኸው ሜዳ ነው» አሉኝ። ችካሉን ሳልመታ ተመለስኩ። መንገዱ በዳር ይዙር ብዬ ነገ አለቆቹን እሟገታለሁ፤ ይሰሙኝ እንደሆን እንጃ።

ለጎሬ አዲስ ገበያ ያወጣሁት ፕላን አንተ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል። እዚያም «ባዶ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ። እባክህ ወንድሜ፣ እስክመጣ አታሳልፈው።

ቦታ ስላለቀብኝ ጠርዝ ላይ ነው የምጽፈው። እናትህን እማማ ጉዲቱን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። አባትህ ያረፉ ጊዜ ድንኳኑን የተከልነው እዚያው ለገበያው «ባዶ» ያልኩት ሜዳ ላይ አልነበር?

ፈቀደ