ስለ አያ ምሳው ድንጋይና ስለ ከፍተኛ ተነሳሽነታችን

ለተከበሩ ዶክተር ኪዳኑ
የመገናኛ ምህንድስናና የሰው ተነሳሽነት ጥናት ቡድን መሪ
ባሉበት

ክቡር ዶክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የአራቱን ባልደረቦችዎንና የዚያን ባለ ሦስት እግር መሣሪያዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከአምደወርቅ በታች ያለነው የቀበሌ ሰዎች፣ ጥናትዎ እንደመሰከረልን፣ በጣም ደህና ነን።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ በጥቅምት ወር እየመራሁ ዳገቱን ያስወጣኋችሁ እኔ ነበርኩ። ተመራማሪ ቁጥር እንደሚወድ ከእርስዎ ስለተማርኩ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ልኬቱ እናመሰግናለን። በእኛ አገር እንግዳ የሚቀመጠው ቤቱ ካለው ሁሉ በተሻለው መደብ ላይ ነው። እኔም ኔትወርክ ሊለኩ መጡ ሲባል፣ እንግዳ አፍሮ እንዳይመለስ ብዬ፣ በቀበሌው ውስጥ ስልክ ወደሚሠራበት ብቸኛ ቦታ፣ የአያ ምሳው ድንጋይ ወደምንለው ጫፍ ወሰድኋችሁ። አያ ምሳው ቦታውን ያገኘው ከአራት ዓመት በፊት የጠፋች ፍየል ሲፈልግ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ስለጮኸ ነው። ከጤና ኬላው አርባ ደቂቃ ዳገት ነው፤ እርስዎ አራት ጊዜ አርፈው ወጡት። መሣሪያዎን ድንጋዩ ላይ ተክለው ለኩና «በቂ ሽፋን» ብለው ጻፉ። ከጫፉ ቆመው ፎቶ ያነሷቸው፣ ከታች የሚያብረቀርቁት ቆርቆሮዎች ቤቶቻችን መሆናቸውን ሳልነግርዎ የቀረሁት እኔ ነኝ። የሚያውቁ መስሎኝ ነው።

፪ኛ. ስለ መጠይቁም እናመሰግናለን። ድንጋዩ ላይ ያገኟቸውን ሰዎች ወደዚያ ለመውጣት ያላቸውን ፈቃደኝነት ከአንድ እስከ አምስት እንዲመዝኑ ጠየቁ። ባለሱቋ ፋጤ ሸቀጥ ለማዘዝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትወጣለች። ለእንግዳ ማማረር ነውር ስለሆነ «አልሐምዱሊላህ፣ አምስት» አለች። የቀሩት «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ እሱም አምስት ተብሎ ተመዘገበ። ታች የቀሩትን ሽማግሌዎች፣ ሕመምተኞችና ነፍሰ ጡሮች አልጠየቋቸውም። እርግጥ ነው፣ ዳገት የማይወጣ ሰው ተነሳሽነት ስለሌለው ስለ ተነሳሽነት ሊጠየቅ አይገባም።

፫ኛ. በጥር ወር ሰቆጣ ላይ ውጤቱን ሲያነቡ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ቀበሌያችን በቂ ሽፋንና ከፍተኛ ውስጣዊ ተነሳሽነት እንዳለው፣ ማማ ቢተከልልን ግን ይህ ተነሳሽነት ሊቀንስ እንደሚችል፣ ስለዚህም ለእኛ የታሰበው የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላ ቀበሌ ቢዛወር እንደሚሻል አነበቡ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ለምዶበታል። ስመለስ ለአያ ምሳው ነገርኩት። እሱም፣ «ካሤ፣ ከዚህ ተነሳሽነት ቆንጥረው ለጉልበቴ ቢሰጡኝ ምን ነበረበት» አለኝ።

፬ኛ. ይህኛው ለመረጃ ያህል ነው። በየካቲት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እፀገነት የተባለች እናት ምጥ ጠናባት፤ ደምም በረታባት። የጤና ኬላችን ባለሙያ ማስተዋል ከአጠገቧ መነሣት ስላልቻለች፣ አምቡላንስ እንዲጠራ አያ ምሳውን ላከችው። ዳገቱን በሠላሳ አራት ደቂቃ ወጣ፤ ለሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ይህ በእርግጥ ከፍተኛ ተነሳሽነት ነው። አምቡላንሱ እንደተደወለለት ተነሣ። እፀገነት ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ሆስፒታል የተቀበለቻት አዋላጅ «ግማሽ ሰዓት ብትቀድሙ ኖሮ» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። ሠላሳ አራት ደቂቃ ከግማሽ ሰዓት በስንት እንደሚበልጥ እርስዎ ያስሉልን።

እንግዲህ ልመናችን አንድ ነው። የማማው ጉዳይ በሚያዝያ መጨረሻ እንደሚወሰን ሰምተናል። በማስተዋል መዝገብ ላይ ስድስት ነፍሰ ጡሮች አሉ። የመጀመሪያዋ ብርሃነሽ በግንቦት ትወልዳለች፤ ማማው ለእሷ እንደማይደርስ እሷም ታውቃለች። ለኋለኞቹ ግን ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም ከውሳኔው በፊት ያንኑ መሣሪያዎን ይዘው እንዲመጡና ጤና ኬላው ውስጥ፣ እፀገነት ከተኛችበት አልጋ አጠገብ ተክለው እንዲለኩ በትሕትና እንጠይቃለን። በዚህኛው ጉዞ እንደ እንግዳ ስለማናስተናግድዎ አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። ያገኙትን ቁጥር ያንኑ አዳራሽ ውስጥ ያንብቡት፤ ጭብጨባ ባይኖርም ቅር አይበልዎ።

እስከዚያው መንገድዎ ሁሉ ሜዳ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ለጥናትዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ኔትወርካችን አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚገኝ፣ እዚያ ግን የጸና መሆኑን አረጋግጣለሁ።

እንግዳ አከብራለሁ ብሎ ያሳሳትዎ፣
ካሤ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጥናትዎን ገጽ ስድሳ አንድ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። መረጃ ለማረጋገጥ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለው እንዳላገኙኝና ይህም የመንገድ መሪው የመተባበር ተነሳሽነት ዝቅተኛ መሆኑን እንደሚያሳይ ጽፈዋል። አሥራ አንዱንም ጊዜ ቢሮዬ ነበርኩ፤ ስልኬም ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በቂ ሽፋን እንዳለን የሚናገረው ገጽ አርባ ሰባት ነው፤ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ቢያስጠርዟቸው መልካም ነው። ሲመጡም አስቀድመው ባይደውሉ ይሻላል።