የኦቦ ነገራ ቁልፍ

ቡራዩ፣ ጥር 2008

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዶ፤ አሰላሙ አለይኩም። አንተ፣ ራቢአና ልጆቹ እንዴት ከረማችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አለን።

ልጆቹን ይዘህ ልትመጣ አስበህ የት የት እንደምወስዳችሁ መጠየቅህ አናዶኛል። ሬዲዮ አትሰማም እንዴ? ገፈርሳ ግድቡ ዳር፣ ሳምቡሳችንን ይዘን የምንቀመጥበት ባሕር ዛፍ ሥር አሁን የወታደር መኪና ቆሞበታል። ፈረስ እናስጋልባቸው ያልከው የሱሉልታ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል። አዲስ አበባን ወደ እኛ መሬት የሚያሰፋውን፣ ሰው ሁሉ የተነሣበትን ያንን ማስተር ፕላን የሣሉት ሰዎች እዚህ አንድ ቀን እንኳ የተንሸራሸሩ አይመስለኝም።

ከሁሉም ያበሸቁኝ ግን ጎረቤታችን ኦቦ ነገራ ናቸው። ገፈርሳ ስንሄድ የቤታችንን ቁልፍ ለእሳቸው እንሰጣለን፤ እሳቸውም ተፍኪ የምትኖረው ልጃቸው ጋ ሲሄዱ የእሳቸውን ለእኛ ይተዋሉ። ባለፈው ሰኞ ቁልፋችንን መለሱልኝ።

«ቤቴ ሊፈተሽ ይችላል፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። የእናንተ ቁልፍ እኔ ጋ ባይገኝ ይሻላል» አሉኝ።

«ይህን ያህል ዓመት ተጎራብተን እንዲህ ይደረጋል?» ብዬ ተቆጣኋቸው። ተነሥተው ወጡ። የራሳቸውን ቁልፍ መልሺልኝ እንኳ አላሉም።

ከማግስቱ ጀምሮ ቤታቸው የሉም፤ ይኸው ጠዋት ጠዋት በራቸውን እየከፈትኩ ለጥጃቸው ድርቆሽ እሰጣለሁ። ሌላ ጊዜ አደራ ሳይሉኝ አይሄዱም ነበር። ሲመጡ አልምራቸውም።

ትናንት ልጃቸው ከተፍኪ ደውላ «ስልኩ አይሠራም፤ አባቴን አገናኚኝ» አለችኝ። ጓሮ ጥጃውን እያበሉ ነው አልኳት።

ለጊዜው አትምጡ። ልጆቹን ሳምልኝ፣ ለራቢአ ሰላም በልልኝ፤ አላህ በደህና ቀን ያገናኘን። ጥጃው እየጮኸ ነው፣ ልሂድ።

እህትህ ሰዓዲያ